ባሕሩ ካርታ የለውም፦ የላሙ ዓሣ አስጋሪዎችና አስተዳደራቸው

የካቲት 23 ቀን 2004 ዓ.ም. እኛ አድዋን ስናከብር፣ ሦስት መሪዎች አንዲት የኬንያ ባሕር ዳርቻ ላይ ቆመው ነበር። የኬንያው ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ፣ የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪር እና የእኛው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ። ቦታው ላሙ ይባላል። የመጡት አንድ ትልቅ ፕሮጀክት ለማስጀመር ነው። ላሙ ላይ ወደብ ይሠራል። ከወደቡ መንገድ፣ ባቡርና የነዳጅ ቧንቧ ተነስቶ ወደ ደቡብ ሱዳንና ወደ ኢትዮጵያ ይዘረጋል። ፕሮጀክቱ ላፕሴት ይባላል። ስሙ ላሙ ወደብ፣ ደቡብ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ትራንስፖርት የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት ተገጣጥመው የተሠራ ነው። ከፊደሎቹ አንዷ የኢትዮጵያ ናት።

እኛ ስለ ወደብ ብዙ እናወራለን። ካፌ ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ፌስቡክ ላይ። ወሬያችን ግን ሁልጊዜ ስለ መርከብ፣ ስለ ኪራይና ስለ ርቀት ነው። ወደቡ ከመምጣቱ በፊት እዚያው ውሃ ላይ መረቡን ሲጥል የኖረው ሰውዬስ? እሱን ማን ጠየቀው? ለመጠየቅስ በየትኛው ቢሮ በኩል ነበር የሚጠየቀው? የባሕር ዳርቻ መንደር አስተዳደር የሚባለው ነገር ውስብስብ የሚሆነው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ላሙን ይዤ ላስረዳ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ላሙ ከሞምባሳ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሶማሊያ ድንበር ጠጋ ብላ የምትገኝ የደሴቶች መንደር ናት። ዋናዎቹ ደሴቶች ላሙ፣ ማንዳና ፓቴ ናቸው። የላሙ ጥንታዊ ከተማ ለ700 ዓመት ያህል ሰው ሳይለያት የኖረች የስዋሂሊ ከተማ ናት። በ2001 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። መንገዶቿ ጠባብ ናቸው። ዕቃ የሚመላለሰው በአህያ፣ ከደሴት ደሴት የሚኬደው በጀልባ ነው። ካውንቲ ማለት በኬንያ የራሱ የተመረጠ መንግሥት ያለው የአካባቢ አስተዳደር ነው፤ በ2019ኙ የሕዝብ ቆጠራ መላው የላሙ ካውንቲ 143,920 ሰው ነበረው። ከአዲስ አበባ አንድ ክፍለ ከተማ ያነሰ ሕዝብ ማለት ነው።

የላሙን ዓሣ አስጋሪ ለመረዳት መጀመሪያ ነፋሱን ማወቅ ያስፈልጋል። ዓመቱን የሚከፍሉት ሁለት ነፋሶች ናቸው። ከኅዳር እስከ መጋቢት አካባቢ የሚነፍሰው ካስካዚ ነው። ያኔ ባሕሩ ጸጥ ይላል። ጀልባዎች ከኮራሉ ግድብ፣ ማለትም ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ከሠሩት ድንጋይ መሰል ግድብ፣ አልፈው ወደ ውጭ መውጣት ይችላሉ። ከሚያዝያ በኋላ ግን ኩሲ ይመጣል። ኩሲ ከደቡብ የሚመጣ ብርቱ ነፋስ ነው። ማዕበሉ ይነሳል። በሸራ የሚሄድ ትንሽ ጀልባ ያለው ሰው ያን ጊዜ ወደ ውጭ ቢወጣ ከሕይወቱ ጋር መጫወት ነው። ስለዚህ ወደ ውስጥ ይገባል። በደሴቶቹ መሀል ባሉት ቦዮች፣ በማንግሮቭ ዛፎች ሥር፣ ሞገድ በማይደርስበት ገባ ያለ ውሃ ላይ ያሰግራል። ያ ውሃ ለእሱ የክረምት ጎተራው ነው።

አሁን ይህን ልብ በሉ። ወደቡ የተመረጠለት ቦታ የማንዳ ባሕረ ሰላጤ ነው። ለምን? ጥልቅ ስለሆነና ሞገድ ስለማይደርስበት። ቦታውን ለመርከብ ተስማሚ ያደረገው ጠባይ ለትንሹ ጀልባም ተስማሚ ያደረገው ጠባይ ነው። ጠቡ የመጣው ከዚህ ነው። ክፋት ወይም ተንኮል መፈለግ አያስፈልግም። ሁለቱም የፈለጉት አንድ ጸጥ ያለ ውሃ ነው።

እሺ፣ ያ ውሃ የማን ነው?

አንድ ጀልባ በዓይነ ሕሊናችን እንከተል። ማለዳ ነው። ጀልባዋ ሌሊቱን አድራ እየተመለሰች ነው። ውስጧ ታፊና ቻንጉ የሚባሉ የኮራል ዓሦች አሉ፣ ዕድል ከቀናም አንድ ሁለት ሎብስተር። ጀልባዋ ያለችበት ውሃና ከሥሩ ያለው የባሕር ወለል በኬንያ ሕገ መንግሥት የሕዝብ መሬት ነው። በአደራ የሚይዘው የማዕከላዊው መንግሥት ነው። ጀልባዋ ቀረበችና አሸዋው ላይ አረፈች። ባሕሩ ሸሽቶ ስለነበር ያረፈችበት ቦታ እርጥብ ነው። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ባሕሩ ሞልቶ ይሸፍነዋል። ይህም እርጥብ አሸዋ የማዕከላዊው መንግሥት ነው። ሕገ መንግሥቱ ባሕሩ ሲሞላ ከሚደርስበት መስመር ጀምሮ ሲሸሽ እስከሚቆምበት መስመር ያለውን መሬት ለይቶ ጠቅሶታል። ልጆቹ ዓሣውን በቅርጫት ተሸክመው ሃያ ሠላሳ እርምጃ ወደ ላይ ወጡ። ደረቅ አሸዋ ላይ ደረሱ። ዓሣ የሚመዘንበት ዳስ አለ። እዚህ ደግሞ የካውንቲው ግዛት ነው።

በጎን ያለው ማንግሮቭ? እሱ የአገሪቱ የደን አገልግሎት ነው። የላሙ ማንግሮቭ ከመላው ኬንያ ማንግሮቭ ከግማሽ በላይ ስለሆነ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ወደ ሰሜን ያለው የኪዩንጋ የባሕር ጥብቅ ስፍራ የዱር እንስሳት አገልግሎቱ ነው። ጥንታዊው ከተማ ውስጥ ያሉ ቤቶችን የሚጠብቀው የአገሪቱ ሙዚየም መሥሪያ ቤት ነው። አንድ አስጋሪ ከመኝታው ተነስቶ ዓሣውን እስኪሸጥ ድረስ የአራት አምስት መሥሪያ ቤት ድንበር ይረግጣል። ድንበሮቹ ደግሞ አይታዩም። አንዳንዶቹ በቀን ሁለት ጊዜ ውሃ ውስጥ ይገባሉ።

የሕጉን ቃል ስናይ ነገሩ የበለጠ ይጠባል። የኬንያ ሕገ መንግሥት የጸደቀው በነሐሴ 2010 ነው። 47 ካውንቲዎችን ፈጠረ። በመጨረሻው ላይ ሥራ የሚያከፋፍሉ ሠንጠረዦች አሉ። አራተኛው ሠንጠረዥ ውስጥ፣ የማዕከላዊው መንግሥት ድርሻ ላይ፣ ስለ አካባቢ ጥበቃ በሚያወራው መስመር "ማስገር" የሚል ቃል አለ። እዚያው ሠንጠረዥ ውስጥ ዝቅ ብሎ፣ የካውንቲዎች ድርሻ ላይ፣ በግብርና ሥር "ዓሣ ሀብት" የሚል ቃል አለ። ማስገር የበላዩ፣ ዓሣ ሀብት የበታቹ። ሁለቱ የት ላይ እንደሚለያዩ ለአንድ መረብ ጣይ ንገሩት ቢባል ከባድ ነው። እሱ ዘንድ አንድ ሥራ ነው።

በተግባር ነገሩ እንዲህ ተከፋፍሎ ይሠራል። ዓሣው እንዳያልቅ መጠበቅ፣ የትልልቅ መርከቦችን ፈቃድ መስጠት፣ ባሕሩን በጥበቃ ጀልባ መዞር የማዕከላዊው መንግሥት ነው። የመመዘኛ ዳሱ፣ የበረዶ ማሽኑ፣ ገበያው፣ ወደ ዳርቻው የሚወስደው መንገድ፣ ባለሙያ ልኮ ማስተማር የካውንቲው ነው። በረዶ ስል እንደ ቀላል ነገር አትዩት። በዚያ ሙቀት በረዶ የሌለው ሰው ዓሣውን ነጋዴው በሰጠው ዋጋ ከመሸጥ ሌላ ምርጫ የለውም። ስለዚህ የካውንቲው በጀት ላይ የበረዶ ማሽን አለ ወይስ የለም የሚለው ጥያቄ የመንደሩ ሰው ኪስ ድረስ ይደርሳል።

ካውንቲው ራሱ ማነው? ሰዎች እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ይደናገራሉ። በየካውንቲው ሁለት ትልልቅ ሰዎች አሉ። አንዱ ገዥው ነው። በየአምስት ዓመቱ ሕዝብ ይመርጠዋል። ከእሱ ጋር የተመረጠ የካውንቲ ምክር ቤት አለ። ላሙ አሥር ዋርዶች አሏት፤ ዋርድ ለዚህ ምክር ቤት ተወካይ የሚመረጥበት ቀበና ክልል ነው። ሁለተኛው ሰው የካውንቲ ኮሚሽነሩ ነው። እሱን የሚሾመው ማዕከላዊው መንግሥት ነው። ጸጥታው በእሱ እጅ ነው። ከሥሩ እስከ መንደር የሚወርዱ ቺፍና ረዳት ቺፍ የሚባሉ ተሿሚዎች አሉ። ገዥው በጀቱን ያዛል፣ ኮሚሽነሩ የጸጥታውን ሥራ ያስተባብራል። ለምሳሌ በጸጥታ ምክንያት ሌሊት ማስገር ይከልከል ሲባል፣ በላሙ ለዓመታት ተብሎም ነበር፣ ትዕዛዙ የሚመጣው በኮሚሽነሩ በኩል ነው። ሕዝቡ ግን ሄዶ የሚጮኸው የመረጠው ገዥ ደጅ ላይ ነው። ገዥው ደግሞ ትዕዛዙን የማንሳት ሥልጣን የለውም።

ድሮም የአካባቢ አስተዳደር ነበር። ከ2013 በፊት ኬንያ 175 የከተማና የገጠር ምክር ቤቶች ነበሯት። ከላይ ግን ሚኒስትር ነበረባቸው። ገንዘቡም ሥልጣኑም ከናይሮቢ ነበር የሚንጠባጠበው። አዲሱ ሕገ መንግሥት ከአገሪቱ ገቢ ቢያንስ 15 በመቶው ለካውንቲዎች እንዲሰጥ አዘዘ። ይህ ለላሙ ዓይነት የዳር አገር ትልቅ ለውጥ ነው። ገንዘቡ በቂ ነው አይደለም ሌላ ክርክር ነው።

አሁን እኔ ከሁሉ በላይ ወደምወደው ክፍል እንምጣ። ከካውንቲው በታች፣ አሸዋው ላይ፣ ዓሣ አስጋሪዎቹ ራሳቸው የሚያስተዳድሩት አካል አለ። በአጭሩ ቢኤምዩ ይሉታል። የዳርቻ አስተዳደር ማኅበር ብንለው ይቀርበዋል። ኬንያ ይህን በሕግ ደንብ ያቋቋመችው በ2007 ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ጀልባዎች የሚያርፉበት እያንዳንዱ ዳርቻ የራሱ ማኅበር ይኑረው። በዚያ ዳርቻ ከዓሣ ጋር የተያያዘ ሥራ ያለው ሁሉ አባል ይሁን። ጠቅላላ ጉባኤ ይኑር፣ ጉባኤው ኮሚቴ ይምረጥ።

ብልሃቱ ያለው "ሁሉ" የሚለው ቃል ላይ ነው። ከውጭ ስናየው "ዓሣ አስጋሪ" አንድ ሰው ይመስለናል። አይደለም። ጀልባው ያለው ሰውዬ አለ፣ እሱ ብዙ ጊዜ ባሕር ላይ አይወጣም። በእሱ ጀልባ ላይ ለድርሻ የሚሠሩ ልጆች አሉ። ጀልባ የሌለው፣ በእግሩ ኮራል ላይ እየሄደ ኦክቶፐስ የሚያድን አለ። መረብ የሚጠግን አለ። ዓሣውን በጅምላ የሚረከብ ነጋዴ አለ። በኬንያ ዳርቻ ማማ ካራንጋ የሚሏቸው ሴቶችም አሉ፣ ዓሣ ገዝተው፣ ጠብሰው፣ በየሰፈሩ የሚሸጡ። የእነዚህ ሰዎች ጥቅም አንድ አይደለም። ባለ ጀልባው ትልቅ መረብ ይፈልጋል። በእግሩ የሚያድነው ሰው ትልቁ መረብ ኮራሉን እንዳይሰብርበት ይፈራል። ማማ ካራንጋ ትናንሽና ርካሽ ዓሣ እንዲኖር ትፈልጋለች፣ ሀብታሙ ነጋዴ ደግሞ ትልልቁን ብቻ። ደንቡ እነዚህ ወገኖች በኮሚቴው ውስጥ እንዲወከሉ፣ ሴቶችም እንዲገቡ ያዛል። ለባለ ጀልባ ብቻ የተተወ ማኅበር የሀብታም ዕቁብ ሆኖ ይቀራል።

ማኅበሩ ምን ይሠራል? ጀልባዎችንና ሰዎችን ይመዘግባል። የሚወርደውን ዓሣ ይመዝናል፣ በደብተር ይጽፋል። ከሚወርደው ዓሣ ትንሽ ክፍያ ይሰበስባል፣ በእሱም ዳሱን ያጸዳል፣ ጠባቂ ይቀጥራል። የተከለከለ መረብ የያዘ ሰው ቢመጣ ያስቆማል። ኬንያ ከዳርቻ ሆነው ብዙ ሰዎች የሚጎትቱትን ደቃቅ መረብና ጦር እየወረወረ ዓሣ የሚወጋውን መሣሪያ በ2001 አግዳለች። ጎትት መረቡ ጫጩቱንም እናቱንም ጠርጎ ነው የሚያወጣው። ሕጉ ናይሮቢ ተጻፈ፣ ግን መረቡን የሚያየው ማነው? አሸዋው ላይ የቆመው የማኅበሩ ሰው ነው። መረቡን የያዘው ደግሞ የአክስቱ ልጅ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ሥራው ከባድ የሆነው። ጎረቤትህን ስትከስ፣ ማታ ልቅሶ ቤት አብረኸው ትቀመጣለህ።

ቢሆንም ይቻላል። ከላሙ ወደ ደቡብ፣ ኪሊፊ ካውንቲ ውስጥ ኩሩዊቱ የሚባል መንደር አለ። ዓሣ እየጠፋ ሲሄድ የአካባቢው አስጋሪዎች በ2005 አንድ ነገር ተስማሙ። 30 ሄክታር ያህል ባሕር ዘግተው ማንም እንዳያሰግርበት ወሰኑ። የራሳቸውን ማሳ ግማሽ እንደማሳደር ነው። መጀመሪያ ላይ ብዙዎች ተቃውመው ነበር። ከዓመታት በኋላ ኮራሉ አገገመ፣ ዓሣው ተመለሰ፣ ከተዘጋው ክልል ውጭም ፈሰሰ። በ2017 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳተር ሽልማት አገኙ። ውሃውን የዘጋው በመጀመሪያ ፖሊስ አልነበረም፣ ስምምነት ነው። ሕጉ ኋላ ነው ተከትሎ የመጣው።

ወደ ላሙ እንመለስ። ወደቡ ሊሠራ ሲል ሁለት ዓይነት ሰዎች ይነኩ ነበር። አንደኛዎቹ ኪሊላና በሚባለው የየብስ ክፍል እርሻ ያላቸው ናቸው። መሬታቸው ለወደቡ ተፈለገ። ተከራከሩ፣ ተደራደሩ፣ በመጨረሻ በአንድ ኤከር 1.5 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ እንዲከፈል ተወሰነ። ቀላል አልነበረም፣ ግን መንገድ ነበረው። መሬት ይለካል። ባለቤት አለው። ካሳ ማስላት ይቻላል።

ሁለተኛዎቹ ዓሣ አስጋሪዎቹ ናቸው። የእነሱ ማሳ ውሃው ነው። ውሃው ካርታ የለውም። አያታቸው ያሰገረበት፣ አባታቸው ያሰገረበት፣ በኩሲ ወራት ልጆቻቸውን ያበሉበት ቦይ በወረቀት ላይ የማንም አልነበረም። በሕግ ቋንቋ የሁሉም ነው፣ በተግባር ግን የሁሉም የሆነ ነገር ሲወሰድ ካሳ የሚጠይቅ የለም። የባሕሩን ወለል የሚቆፍረው ማሽን ደለሉን አንስቶ ውሃውን አደፈረሰ። መርከብ የሚያልፍበት መስመር ላይ መረብ መጣል አይቻልም። በየብሱና በማንዳ ደሴት መሀል ያለው ምካንዳ የሚባለው ቦይ፣ ወደ ፓቴ የሚሄዱ ትናንሽ ጀልባዎች ከማዕበል ተከልለው የሚያልፉበት፣ ከወደቡ አጠገብ ነው። አንድ ጥሩ ሞተር ያለው ሰው ሌላ ቦታ ሄዶ ሊያሰግር ይችል ይሆናል። ሸራና መቅዘፊያ ብቻ ያለው የት ይሂድ?

እንግዲህ መሪዎቹ ከመምጣታቸው በፊት፣ በዚያው ዓመት፣ በ2012 መጀመሪያ፣ የላሙ ነዋሪዎች ከፍተኛው ፍርድ ቤት አቤቱታ አስገብተው ነበር። ጉዳዩ ስድስት ዓመት ፈጀ። ውሳኔው ማሊንዲ ከተማ ላይ የተሰጠው ኤፕሪል 30 ቀን 2018 ነው። ፍርድ ቤቱ ለነዋሪዎቹ ፈረደ። ንጹሕ አካባቢ የማግኘት መብታቸው ተጥሷል አለ። ባህላቸውና አኗኗራቸው ግምት ውስጥ አልገባም አለ። በቂ መረጃ አልተሰጣቸውም፣ በወጉ አልተጠየቁም አለ። ለ4,600 ያህል ዓሣ አስጋሪዎች 1.76 ቢሊዮን ሽልንግ እንዲከፈል አዘዘ። ለአንድ ሰው ሲካፈል ከ380 ሺህ ሽልንግ ትንሽ ይበልጣል።

ለዚህ ጽሑፍ ግን ከገንዘቡ የሚበልጥ ነገር በውሳኔው ውስጥ አለ። ፍርድ ቤቱ የላሙ ካውንቲ መንግሥትም በወጉ መማከር ነበረበት አለ። ይህን በሌላ አነጋገር ላስቀምጠው። የማዕከላዊው መንግሥት ወደቡ የአገር ፕሮጀክት ነው፣ ባሕሩም የአገር ነው፣ ስለዚህ የምወስነው እኔ ነኝ የሚል መንፈስ ነበረው። ሕገ መንግሥቱ ግን ዓሣ ሀብትን፣ የአካባቢ ዕቅድንና ሌሎች ሥራዎችን ለካውንቲው ሰጥቷል። ወደቡ የሚነካው እነዚህን ነው። በሰው ቤት ድግስ ስትደግስ ባለቤቱን ሳትጠይቅ አይሆንም። ያ አራተኛው ሠንጠረዥ ውስጥ በግብርና ሥር የተሸጎጠ አንድ ቃል ዋጋው የታወቀው ያን ቀን ነው።

ፍርድ ማግኘትና ገንዘብ ማግኘት ግን ይለያያሉ። የወደቡ የመጀመሪያ መርከብ ማቆሚያ ሥራ የጀመረው በግንቦት 2021 ነው። ያን ጊዜ ፕሬዚዳንቱ ኡሁሩ ኬንያታ ተገኝተው መረቁ፣ መርከቦች ገቡ። ዓሣ አስጋሪዎቹ ግን ገና ገንዘባቸውን እየጠበቁ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነባቸው። በድርድር የተደረሰበት ስምምነት ደግሞ ከመቶ 65 እጁ በጥሬ ገንዘብ፣ 35 እጁ ደግሞ በዕቃ፣ ማለትም በጀልባ፣ በሞተር፣ በመረብና በመሳሰሉት እንዲሆን ነበር። ሐሳቡ ገባኝ። ጥሬ ገንዘብ ያልቃል፣ ጥሩ ጀልባ ደግሞ ወደ ጥልቁ ባሕር ያወጣል። ቢሆንም በሸራ የኖረን ሰው ሞተር ሰጥቶ ወደ ውጭ ባሕር መላክ ብቻውን አይበቃም። ሥልጠና ያስፈልጋል። ነዳጅ ያስፈልጋል። የተበላሸ ሞተር የሚጠግን ሰው መንደር ውስጥ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ደግሞ ተመልሶ የካውንቲውና የዳርቻው ማኅበር ሥራ ነው።

የላሙ ሰው ከዚህ ፍርድ በኋላ ዝም አላለም። እዚያው አካባቢ በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሊቆም ነበር። በሰኔ 2019 የአካባቢ ጥበቃ ፍርድ አካሉ ፈቃዱን ሰረዘው። ምክንያቱ ሕዝቡ በአግባቡ አልተጠየቀም የሚል ነበር። አንድ ጊዜ በር ላይ ቆሞ "ጠይቁኝ" ያለ ሕዝብ ሁለተኛ ጊዜ ድምፁ ይጠነክራል።

ይህን ሁሉ ለአማርኛ አንባቢ የምጽፈው ለምንድን ነው? አንደኛ፣ ስማችን በፕሮጀክቱ ውስጥ ስላለ። በሞያሌ በኩል የሚገባ ዕቃ አንድ ቀን ከላሙ ሊነሳ ይችላል። ዕቃው የሚወርድበት ውሃ የማን ጎተራ እንደነበር ማወቅ ይገባናል። ወደብ የሚለውን ቃል ስንጠራ አብረን ልናስበው የሚገባ ሰው ነው።

ሁለተኛ፣ የእኛም ዓሣ አስጋሪዎች ተመሳሳይ ጥያቄ ውስጥ ናቸው። ባሕር ባይኖረንም ሐይቅ አለን። ሐዋሳ አሞራ ገደል ሄዶ ጥሬ ዓሣ ወይም ሾርባ ያልቀመሰ ስንቱ ነው? ዝዋይ፣ ጫሞ፣ አባያ፣ ጣና ላይ በታንኳ የሚያድር ስንት ሰው አለ። ኢትዮጵያ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ያወጣችው በ1995 ዓ.ም. ነው፣ ቁጥሩ 315። ማኅበራትም አሉ። ግን የሐይቅ ዳርቻ ለሆቴል ሲሰጥ፣ ውሃ ለአበባ እርሻ ሲሳብ፣ እምቦጭ ጣናን ሲሸፍን፣ መጀመሪያ የሚጎዳው ያ ታንኳ ያለው ሰው ነው። የእሱ ማኅበር በውሳኔው ጠረጴዛ ላይ ወንበር አለው ወይ? ዳርቻው የተሰጠው ማን ፈርሞ ነው? የክልል፣ የከተማ ወይስ የቀበሌ ፊርማ? ላሙን ካየሁ በኋላ ስለ ማንኛውም ሐይቅ ዜና ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ይህን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ስለሚታለፍ። የዳርቻው ማኅበር ደብተር። ተራ ደብተር ነው፣ ልጆች ለትምህርት ቤት እንደሚይዙት ዓይነት። ውስጡ ስም፣ የጀልባ ቁጥር፣ ቀን፣ ኪሎ ይጻፍበታል። አሰልቺ ሥራ ነው። ዓሣው እየሞቀ፣ ዝንቡ እየመጣ፣ ነጋዴው እየተጣደፈ ነው የሚጻፈው። ስለዚህ ይዘለላል። ባለ ጀልባው ይመዘገባል፣ በጀልባው ላይ ያሉት አራት ልጆች አይመዘገቡም። ጠብሳ የምትሸጠዋ እናት "እሷ ነጋዴ ናት" ተብላ ትታለፋለች። ኦክቶፐስ የሚያድነው ሽማግሌ ጀልባ ስለሌለው ይረሳል።

ለመሬት ባለቤት ካርታው ማስረጃው ነው። ባሕር ላይ የኖረ ሰው ግን እዚህ ውሃ ላይ ሠርቼ ኖሬያለሁ ሲል የሚያሳየው ያንን ደብተር ብቻ ነው። ስድስት ዓመት ተከራክረህ፣ ፍርድ አግኝተህ፣ ገንዘቡ ሲመጣ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ስምህ አለ? የማኅበሩ ጸሐፊ ማለዳ ላይ ዳሱ ሥር ቆሞ፣ ሚዛኑን በአንድ እጁ ይዞ፣ የአራቱንም ልጆች ስም አንድ በአንድ ከጻፈ፣ ስማቸው አለ።